ከሰደድ እሳት እንስሳትን የማዳን ሥራ ከእሳቱ በፊት ይጀምራል

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በአገራችን የገና በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ሁለት ከባድ የሰደድ እሳቶች ተነሡ። ደረቅና ኃይለኛ ነፋስ ያባባሳቸው እሳቶች 30 ያህል ሰዎችን ገድለዋል፤ ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎችንም አውድመዋል። ሰው ነፍሱን ለማዳን በሚሸሽበት በዚያ ሰዓት ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይካሄድ ነበር። ይህም ውሻ፣ ድመት፣ ፈረስ፣ አህያና ፍየል ከእሳቱ አውጥቶ ማስጠለል ነው።

ነገሩ በሬና ላም ለሚያረባው የእኛ አርሶ አደር ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በጋ በመጣ ቁጥር የግጦሽ መሬትና ደን በእሳት ለሚፈተንባቸው ወረዳዎች ትምህርቱ ቅርብ ነው። ከካሊፎርኒያ የሚወሰደው ዋና ትምህርት የገንዘብ ብዛት አይደለም። እንስሳቱ የሚሄዱበት ቦታና የሚቀበላቸው ሰው አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ቦታ አስቀድሞ የተለየበት አሠራር

በሎስ አንጀለስ አካባቢ ፈረሶችና ሌሎች ትልልቅ እንስሳት የት እንደሚወሰዱ የተወሰነው ጭሱ ከታየ በኋላ አልነበረም። በበርባንክ ከተማ የሚገኘው የፈረስ ስፖርት ማዕከልና አንድ የእርሻ ትምህርት ያለው ኮሌጅ በሮቻቸውን ከፍተው እንስሳቱን ተቀበሉ። በፓሳዴና ከተማ ያለው የእንስሳት መጠለያ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሾች፣ ድመቶችና ሌሎች እንስሳት ገቡበት።

መጠለያዎቹ ግን ከእሳቱ በፊትም ባዶ አልነበሩም። ባለቤት ያጡ ውሾችና ድመቶች ይኖሩባቸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ እነዚህን ቀድሞ የነበሩትን እንስሳት ወደ ሳንዲዬጎና ወደ ሌሎች ግዛቶች ጭምር ማዛወር ሆነ። በዚህም ከእሳት ለወጡት ቦታ ተገኘ፤ ባለቤት ያላቸው እንስሳትም ፈላጊያቸው እስኪመጣ በቅርብ ቆዩ። ሩቅ ተወስደው ቢሆን ኖሮ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንስሳውን ፍለጋ ተጨማሪ እንግልት ይገጥመው ነበር።

እንስሳን ማዳን ሰውን ማዳን ነው

አሜሪካውያን ወደዚህ አሠራር የመጡት በከባድ ዋጋ ነው። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙ ሰዎች ውሻና ድመታቸውን ትተው ለመውጣት ባለመፍቀዳቸው በአደጋው ውስጥ ቀሩ። የነፍስ አድን ጀልባዎችና መጠለያዎች እንስሳ አይቀበሉም ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በመስከረም 1999 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ የፌዴራል የአደጋ እርዳታ የሚፈልጉ ግዛቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች በማስለቀቂያ እቅዳቸው ውስጥ የቤት እንስሳትን እንዲያካትቱ ተደረገ።

በእኛ አገር ገጠር ይህን ለማስረዳት ሕግ አያስፈልግም። አንድ ጥማድ በሬ የከርሞ እርሻ ነው፤ አንዲት ላም የልጆች ወተት ናት። በረቱ ሲነድ አርሶ አደሩ ወደ ውስጥ ሮጦ መግባቱ አይቀርም። ባለቤቱ ከእሳቱ የሚርቀው እንስሳቱ እንደወጡ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ለእንስሳት የተዘጋጀ መውጫ የሰውንም ሕይወት ያተርፋል።

ከእሳቱ በኋላ ያለው ጊዜ

ከነበልባሉ ያመለጠ እንስሳ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። በሣር እሳት ውስጥ ያለፉ ከብቶች የሰኮናና የጡት ቃጠሎ ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ዛሬ ቆማ የምትሄድ ላም ከሳምንት በኋላ ልታነክስ፣ ጡቷ ቆስሎም ጥጃዋን ልትከለክል ትችላለች። ብዙ ጭስ የሳበ እንስሳ ሳንባው እስኪያገግም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከከባድ ሥራ እንዲያርፍ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ። ይህ በተለይ ለእርሻ በሬ፣ ለጭነት አህያና ለጋማ ከብት ትልቅ ትርጉም አለው።

ሕክምናው ሁልጊዜ ውድ መድኃኒት አይጠይቅም። በ2010 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ መዳፋቸው የተቃጠለ ሁለት ድቦችን የዩሲ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ያከሙት በአሣ ቆዳ ነበር። ጣና ላይ ቆረሶ ብለን የምናውቀው ዓይነት አሣ ቆዳው ከጀርም ጸድቶ በቁስሉ ላይ ተሰፋ፤ በላዩም የበቆሎ እሸት ሽፋን ተጠቀለለበት። ድቦቹ ፋሻውን ቢበሉት እንኳ እንዳይጎዳቸው የታሰበ ነበር። ሥራው የባለሙያ ነው፤ ማንም ገበሬ በቤቱ እንዲሞክረው አይመከርም። ሆኖም ባለሙያ በጊዜው ከደረሰ በቅርብ በሚገኝ ነገር ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

ወደ እኛ ሲመጣ

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ገደሉን ወጥቷል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ስፍራ በመሆኑ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ትኩረት አግኝቷል። በየቀበሌው የወል ግጦሽ ላይ የሚነሣ እሳት ግን ሄሊኮፕተር አይጠራም። እዚያ ያለው ኃይል ሕዝቡና የወረዳው ባለሙያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለወረዳ አመራሩ ይቀርባል። በአደጋ ዝግጁነት እቅዱ ውስጥ እንስሳትን የሚመለከት መስመር አለ ወይ? ከብቶች የሚወሰዱበት ቦታ ተለይቷል ወይ? ውኃና ድርቆሽ ከየት ይመጣል? የእንስሳት ጤና ባለሙያው በማን ይጠራል? ለእነዚህ መልስ ለመስጠት አንድ የቀበሌ ስብሰባ ይበቃል።

ለቦታው ታርሶ የከረመ ባዶ ማሳ ወይም ሣሩ ተግጦ ያለቀ ሰፊ ሜዳ ይመረጣል። እሳት ዳገት ሲወጣ ስለሚፈጥን መንጋን ወደ ተራራ መንዳት አደገኛ ነው። ለአቅመ ደካሞች፣ ለአረጋውያንና ለብቻቸው ለሚኖሩ እናቶች ከብት የሚነዳላቸው ጎረቤት አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል። ለሐዘንና ለሠርግ የሚጠራራው እድር ይህን ለማስተባበር የተመቸ ነው።

አርሶ አደሩም በቤቱ የሚሠራው አለ። የጭድና የድርቆሽ ክምርን ከመኖሪያና ከበረት ማራቅ፣ በበረቱ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር ማጽዳት፣ በጨለማም በቶሎ የሚፈታ ቋጠሮ መጠቀም ይኖርበታል። የፕላስቲክ ገመድ በሙቀት ቀልጦ አንገት ላይ ስለሚጣበቅ በጠፍር ወይም በቃጫ ገመድ መተካት ይሻላል። ጊዜ ካጠረ እንስሳን ታስሮ ከመተው ፈትቶ መልቀቅ ይበጃል። ከወጡ በኋላ በሩ ይዘጋ፤ የደነገጠ እንስሳ የለመደው በረት ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ይችላልና። ባለቤቱ ግን ወደሚነድ ቤት እንዳይመለስ ጎረቤት ሊይዘው ይገባል።

በፓርክ አዋሳኝ ቀበሌዎች ደግሞ ከእሳት የሸሸ የዱር እንስሳ ሲታይ ማሳደድና መያዝ አይገባም፤ ለፓርኩ ጥበቃ ማሳወቅ ይበቃል። ውሾችንም ማሰር ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ ከዚህ ቀደም ብዙ ጉዳት አድርሷልና።

የማር ቆራጭ ችቦ፣ የከሰል ጉድጓድና ለአዲስ ሣር ተብሎ የሚለኮስ እሳት የሚበዛው በበጋ ነው። የዝግጅቱ ጊዜም ከዚያ በፊት፣ አዝመራው ተሰብስቦ ጭዱ በሚከመርበት ወቅት ነው። ቀበሌዎች ክምሩ የት እንደሚቀመጥ ሲነጋገሩ፣ ከብቱ በየት እንደሚወጣም አብረው ሊወስኑ ይገባል።