"እንደገና ጀመረኝ" ማለት ወደ ዜሮ ተመለስኩ ማለት አይደለም



"ዶክተር፣ ደህና ሆኜ ነበር እኮ፤ እንደገና ጀመረኝ።" ይህን ቃል ዲሶሲዬቲቭ አይደንቲቲ ዲስኦርደር ካለባቸው ታካሚዎች እሰማለሁ። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ማንነቶች የሚፈራረቁበት፣ ሰውየው ያደረገውን ራሱ የማያስታውስበት ህመም ነው። ድሮ መልቲፕል ፐርሰናሊቲ ይባል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው በልጅነት የደረሰ ከባድና ተደጋጋሚ ጥቃት አለ። ልጁ መሸሽ ሲያቅተው አእምሮው ውስጥ መሸሸጊያ አበጀ ማለት ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ነገሩ በሚባባስበት ሰሞን ዋናው ጥያቄ "አሁን ያለው ማንኛው ነው?" አይደለም። "በልቷል ወይ? ተኝቷል ወይ? ራሱን እንዳይጎዳ ያሰጋል ወይ?" ነው። የድሮውን ቁስል መነካካት ይቆይ። ህክምናውም የሚጀምረው ከማረጋጋት ነው።

ምን ላድርግ ለምትሉ፦

✅ እቅዱን ደህና በሆናችሁበት ቀን ጻፉት። ምን ያባብስብኛል? ለማን እደውላለሁ? ማንኛውም የውስጥ ማንነት በቀላሉ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

✅ ራሳችሁን ስትስቱ እግራችሁን መሬት አስረግጡ። የምታዩአቸውን 5 ነገሮች በስም ጥሩ። የዛሬን ቀንና ያላችሁበትን ቦታ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

✅ የውስጥ ማንነቶቹን "ውጡልኝ" እያላችሁ አትጣሏቸው። ምን እንዳስፈራቸው ጠይቁ።

✅ ከአልኮልና ከጫት ራቁ። ህመሙን በቀጥታ የሚያጠፋ ክኒን የለም፤ መድኃኒት የሚታዘዘው አብረውት ለሚመጡት ለድብርት፣ ለጭንቀትና ለመሳሰሉት ነው። ቢሆንም በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡት።

ቤተሰብ ሆይ፣ "እያስመሰለች ነው" አትበሉ። "ዛር ነው፣ ሰፍሮባት ነው" ብላችሁ ጸበል ብትወስዷት እምነታችሁ ነው፣ አልከለክልም። ሀኪም ቤቱም ግን አይቅር። ማሰርና መምታት ግን በፍጹም! በዱላ የመጣን ቁስል በዱላ ማዳን አይቻልም። የታሰረች ሴት የምታስታውሰው ያኔ በልጅነቷ ማምለጥ ያቃታትን ቀን ነው።

⚠️ "መሞት እፈልጋለሁ" ካለ ወይም ራሱን መጉዳት ከጀመረ ብቻውን አትተዉት። ሳትውሉ ሳታድሩ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

መጥፎ ሰሞን ያልፋል። ያለፈውን ሰሞን እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉት፤ ለሚቀጥለው መድኃኒታችሁ እሱ ነው።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት። ቸር ሰንብቱ!