የለንደን ፊርማ፣ የሊማሊሞ ዕዳ

ሕዝብ በፈጀ መንግሥት ፊት ዲፕሎማቶች ዘወትር የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ «አገሩን የያዘው እሱ ነው፤ ብንርቀው ይብሳል፣ ብንቀርበው ይለዝባል።» ምክሩ የአስተዋይ ይመስላል፤ ጎንደር ላይ ግን ተፈትኖ ወድቋል። ጣሊያን በአዲስ አበባ የፈጸመችው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዙ የቼምበርሌይን መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዕውቅና ሰጠ። የታሰበው ሙሶሊኒን ከሂትለር መነጠል ነበር። የመርዝ ጋዙም፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግድያም ከሒሳቡ አልገቡም። ሙሶሊኒ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በዚያችው እንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀ። በሊማሊሞ አፋፍ ያለው የጣሊያኖች የወልከፊት ምሽግ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. አልተለቀቀም፤ የቁልቋልበር ምሽግ በብዙ ደም ተይዞ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን ነው። ዕውቅናው ባይሰጥ ጦርነቱ ይቀር ነበር አልልም፤ ያስቀራል ተብሎ የተሰጠው ዕውቅና ግን አላስቀረውም።

«መሬቱን የያዘው ጣሊያን ነበር፤ ያለውን መቀበል እንጂ ሌላ ምን ይደረግ?» የሚል ይኖራል። በበጌምድር ግን አርበኞቹ እነ አሞራው ውብነህ ገና አልገበሩም ነበር፤ ለንደን «ያለ» ያለችው ነገር ገና በጥይት የሚያከራክር ነበር። ስለዚህ ዕውቅና እውነትን መመዝገብ ሳይሆን ለአንድ ወገን መፍረድ ነው። ሜክሲኮ ወታደር ባትልክም ፍርዱን አልፈርምም አለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ አደባባይ በስሟ የተሰየመው ለዚህ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ካልተነጋገሩ እስረኛ እንዴት ይፈታል፣ እህል እንዴት ይገባል? እውነት ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙዎቹም የጎንደር ገጠር ልጆች፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ የወጡት ከደርግ ጋር በተደረገ ድርድር ነው። ያ ድርድር ግን የሰው ነፍስ የተቆጠረበት ነበር፤ ለገዳይ የሕጋዊነት ካባ አላለበሰም። የምነቅፈው ንግግሩን ሳይሆን ካባውን ነው፤ ካባ አንዴ ከተደረበ በኋላ ማውለቅ ይቸግራልና። ከጣሊያኑ ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የጣሊያን ጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በተጠርጣሪነት ቢመዘግብም፣ ኢትዮጵያ አንዳቸውንም ለፍርድ አላገኘችም። ግራዚያኒ የተፈረደበት በኢጣሊያ ነው፤ ክሱም ከጀርመን ጋር ማበሩ እንጂ የአዲስ አበባ ሬሳ አልነበረም።