የስንዴ ዋግና የነባር ዘር አለኝታነት

በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ የሚበላው ዳቦ ከባሕር ማዶ በመጣ ስንዴ የሚጋገር ነው። በዚያው ወደብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የኖረው ስንዴም ጥቂት አይደለም። የአርሲና የባሌ ማሳ በዋግ ሲመታ ደግሞ የዚህ ወደብ ሸክም ይበዛል።

ዋግ በፈንገስ የሚመጣ፣ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን «ምርጥ» ዘር ክፉኛ አጠቃ። ገበሬውም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ፊቱን አዞረ። በ2013 ዓ.ም. ዲገሉም በተራው ለግንድ ዋግ ተበገረ። ሰፊ አገር በአንድ ዘር ሲሸፈን የሰፈሩ በር ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ያህል ነው።

የአባቶች ማሳ ግን የልዩ ልዩ ስንዴ ድብልቅ ነበር። ኤስቲ 464 በተባለው የኢትዮጵያ ነባር ስንዴ ውስጥ የተገኘው ኤስአር 13 የተሰኘ ጂን፣ በ1999 ዓ.ም. ከኡጋንዳ የተሰማውንና ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግ ይቋቋማል። ሆኖም ይህንኑ ጂን የሚያልፍ ሌላ የዋግ ዓይነት በደብረ ዘይት የምርምር ማሳ ታይቷል። እንግዲህ አንዱን ጂን ነጥሎ መያዝ አይበቃም፤ ሙሉው የዘር ሀብት ያስፈልጋል። ይህንኑ ሀብት ለመጠበቅ በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውን ማዕከል የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነባሩ ዘር በገበሬው ማሳም እንዲቀጥል ደክመዋል፤ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር ከዋጉ ጋር እየተለወጠ አይሄድምና።