«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚሉት ወሬ

አፍ ውስጥ ጥቁር ነገር አይተን አንደነግጥም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰው ያጌጡበት አገር ነው፤ የብዙዎቻችን ድድ ደግሞ ከተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰርም እዚያው፣ በተለይ ላንቃና የላይኛው ድድ ላይ፣ ጠቁሮ ይወጣል። መጀመሪያ አያምም።

«የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ነው የሚያመጣው» ለምትሉ፦ ላንቃ ላይ የምን ፀሐይ? ቦብ ማርሌይን በፈረንጆቹ 1981 የገደለውም ከእግሩ ጣት የጀመረ ሜላኖማ ነው።

የእኔ ጠብ ግን ከወሬው ጋር ነው። ሐኪሙ «ናሙና ልውሰድ» ሲል ዘመድ ተሰብስቦ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ይላል። ወሬው ለምን እንደሚታመን ይገባኛል። ሰው የሚታከመው ካበጠ፣ ከደማ፣ ጥርሱ ከተነቃነቀ በኋላ ነው። ያኔ በሽታው ብዙ ጊዜ አንገት ንፍፊት ውስጥ ገብቷል። ሰውዬው ሲሞት በቢላው ይመካኛል፤ የባከኑትን ወራት ማንም አይቆጥርም። ያለ ናሙና ግን ንቅሳትን ከካንሰር በእርግጠኝነት የሚለይ ዓይን የለም። ዋናው ሕክምናም ያው የተፈራው ቢላ ነው፤ ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጦ ማውጣት። ጨረሩም ሆነ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት ውድ መድኃኒቶች በጊዜ የተደረገ ቀዶ ሕክምናን አይተኩም።

የጥርስ ሐኪሞች፣ እናንተም አታመልጡም። ጥርስ ነቅላችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት ላንቃውን በመብራት ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ የወጣን፣ እየሰፋ የሚሄድን፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረን ጥቁረት አይቶ አሞክሳሲሊን ጽፎ መስደድ ሕክምና አይባልም።