እሽቱም ይቀጥል፤ ፓፉም ኪስ ይግባ

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጧት ትምህርት በመስጠት ላይ ሳለሁ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አየሁት። የተኛ መስሎኝ ልቆጣው ቀረብሁ። ስደርስ ግን ደረቱ እንደ ዋሽንት ያፏጫል፤ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሣል፤ ይወድቃል። «ፓፍህ የት አለ?» ብለው፤ «ቤት ነው... እናቴ ተው ብላኛለች... ወጌሻ ጀምሬአለሁ» ሲል ቃሉን በትንፋሽ እየቆረጠ መለሰልኝ። ደግነቱ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ የራስዋን ፓፍ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያም በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ በጭንብል መድኃኒት አስተነፈሱት፤ እኩለ ቀን ላይ መልኩ ተመለሰ።

በማግሥቱ እናቱ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ። «መምህር፤ ያ የሚነፋው ነገር ሱስ ነው ይላሉ፤ አንዴ ከለመደው አይለቀውም አሉኝ። ወጌሻው ግን ደረቱንና ጀርባውን በቅቤ ሲያሸው ልጄ እፎይ ብሎ ይተኛል። ጧት ጧት ማርና ጥቁር አዝሙድ እሰጠዋለሁ። አክታ ያበዛል ስላሉኝ ወተት ከልክዬዋለሁ። ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

አጥፍተዋል ለማለትም፤ አላጠፉም ለማለትም ምላሴ አልታዘዘልኝም። «እትዬ፤ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ አንብቤ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ያነበብሁትን ለእናንተም የማካፍላችሁ፤ ከመካከላችሁ ከደመወዙ ቆንጥሮ ታናሽ ወንድሙን የሚያሳክም ጸሐፊ፤ ወይም አስም ያለበት ጓደኛ አጠገቡ የተቀመጠ ተማሪ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

በመጀመሪያ አስም የጀርባ አጥንት ወይም የደረት ጡንቻ በሽታ አይደለም። በሳንባ ውስጥ አየር የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ከውስጥ በኩል ተቆጥተው የሚያብጡበት ሕመም ነው። ጉንፋን፤ አቧራ፤ ጭስ ወይም ብርድ ሲነካቸው በዙሪያቸው ያለው ስስ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ውስጣቸውም በአክታ ይሞላል። ያ የፉጨት ድምፅ አየሩ በጠበበው መንገድ ሲታገል የሚሰማ ነው።

አሁን ወደ ወጌሻው እንምጣ። ጀርባንና ደረትን በእጅ እየጫኑ አስምን እናድናለን ማለት የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ካይሮፕራክተር የሚባሉ፤ የጀርባ አጥንትን በእጃቸው የሚያቃኑ ባለሙያዎች አሉ። በ1998 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የካናዳ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 16 የሆነ አስም ያለባቸውን 91 ልጆች ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን እውነተኛውን የማቃናት ሕክምና ሲያገኝ፤ ሁለተኛው ወገን እርሱን የሚመስል፤ ግን ያልሆነ መዳሰስ ብቻ ተደረገለት። መደበኛ መድኃኒታቸው በሁለቱም ወገን አልተቋረጠም። ከ4 ወር በኋላ ሲመረመሩ፤ የሁለቱም ወገን ልጆች ሕመማቸው ቀለል ብሏቸው ተገኙ፤ የትንፋሻቸው ኃይል በመሣሪያ ሲለካ ግን ጭማሪው እጅግ ጥቂት ነበር። በእውነተኛውና በማስመሰያው መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። በዚህኛው 32 ልጆች ተካፍለዋል። ከፊሎቹን ወላጆቻቸው ራሳቸው ማታ ማታ ከመኝታ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ለአንድ ወር አሹአቸው። ከ4 እስከ 8 ዓመት የነበሩት ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ የትንፋሻቸውም ኃይል ተሻሻለ። ትልልቆቹም ጭንቀታቸው ቀለለ፤ የሳንባቸው መሻሻል ግን አነስተኛ ነበር። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ብዙ የምንመካበት አይደለም።

እንግዲህ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው እውነት አለው። የሚያፈቅር እጅ ጀርባውን ሲነካው ልጁ ይረጋጋል፤ ፍርሃትም ትንፋሽን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ነገር ግን እጅ ቆዳን ቢያሞቅና ልብን ቢያጽናና፤ በሳንባ ውስጥ ያበጠውን ቧንቧ ሊደርስበት አይችልም። እናትየዋ ያዩት እፎይታ ውሸት አልነበረም፤ ከእፎይታው ወደ መዳን የዘለሉት ዝላይ ነው ልጁን ለአደጋ የሰጠው።

ስለ ምግቡም ነገሩ እንዲሁ ነው። ወተት ከምራቅ ጋር ሲደባለቅ ጉሮሮ ላይ ወፈር ያለ ስለሚመስል ነው እንጂ፤ በሳንባ ውስጥ አክታ እንደሚያበዛ አልተረጋገጠም። ወተት የማይስማማው መሆኑ በሐኪም ካልታወቀ በቀር፤ የሚያድግን ልጅ ወተት መከልከል አጥንቱን መበደል ነው። ጥቁር አዝሙድ በጥቂት ትንንሽ ሙከራዎች ላይ ከመድኃኒት ጋር ሲወሰድ መጠነኛ ጥቅም አሳይቷል፤ በመድኃኒት ፈንታ ግን አይደለም። ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከቶ አይሰጥም። ንቦች ለንግሥታቸው የሚያዘጋጁትና በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ሮያል ጄሊ ደግሞ አስም ላለበት ልጅ አደገኛ ነው፤ በአውስትራሊያ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እርሱን ወስዳ በተነሣባት አስም መሞትዋ በ1994 ዓ.ም. ተጽፏል።

ቡናችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። ራሱ አስም የነበረበት እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሳልተር በ1860 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጠንካራ ቡናን ለአስም ያመሰግናል። አልተሳሳተም፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ቲዮፊሊን ለሚባለው የአስም መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ቧንቧዎቹንም እስከ 4 ሰዓት ያህል በጥቂቱ ያሰፋል። ነገር ግን ደካማ ነው፤ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ሲኒ ማቅረብ ጊዜ ማጥፋት ነው። ይልቁንም ቡናው ሲፈላ ከከሰሉና ከዕጣኑ የሚነሣው ጭስ ልጁን ስለሚጎዳው፤ መስኮቱን መክፈት፤ ወይም ረከቦቱን ወደ በረንዳ ማውጣት ከብዙ ባሕል መድኃኒት ይበልጣል።

እንጥል ማስቆረጥ ግን ጥቅሙ ከቶ የሌለ፤ ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚያመጣ ነገር ነው። ለሕፃን ቅቤ ማስዋጥም ቅቤው ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ የሳንባ በሽታ ያስከትላል።

«ፓፍ ሱስ ነው» የሚለው ፍርሃት የመጣው ሁለት ዓይነት መሆኑን ካለማወቅ ነው። አንደኛው፤ ሳልቡታሞል የሚባለው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ የሚያላቅቅ ነው። ሁለተኛው እብጠቱን ከሥሩ የሚያበርድ፤ በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ዋናው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቶሎ ቶሎ መፈለግ የሱስ ምልክት ሳይሆን ሁለተኛው እንደሚያስፈልግ የሚናገር ደወል ነው። ቁመት ያሳጥራል የሚሉም አሉ። እውነቱን ለመናገር፤ በልጅነታቸው ለዓመታት የወሰዱት ሲያድጉ ከሌሎቹ በ1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው የተገኙበት ጥናት በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። አንድ ሴንቲ ሜትርን ከአንድ ትንፋሽ ጋር የሚመዝን ወላጅ ግን ያለ አይመስለኝም።

ትንንሽ ልጆች መድኃኒቱን ከፓፉ አቀናጅተው መሳብ ያቅታቸዋል፤ ግማሹ አፋቸው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ ከመካከል ይገባል። ዕቃው ውድ ቢሆን፤ በ1999 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ተራ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ግርጌው በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶና ዙሪያው በማጣበቂያ ታሽጎ፤ ከተገዛው የማይተናነስ ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። አሠራሩን ነርሷ ታሳያችኋለች።

ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፤ ከንፈሩ ከጠቆረ፤ የጎኑ አጥንት እየገባ ከወጣ፤ ወይም ፓፉ ካላስታገሰው፤ ወጌሻም ማርም ይቆዩ፤ ፓፉን እየሰጣችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እናቱ በቀጠሯቸው መጡ። ይህንኑ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፤ «እሽቱንስ ልተው?» አሉኝ። «አይተውት፤ ማታ ማታ እርስዎ ራስዎ ያሹት። የወጌሻው ገንዘብ ለፓፉ ይሁን» አልኋቸው። ፈገግ አሉና መቀነታቸውን ፈትተው ከሐኪም ቤት የተጻፈላቸውን ወረቀት አሳዩኝ። ለካስ ወደ እኔ ሳይመጡ በፊት እዚያ ደርሰው ኖሯል።

ዛሬ ጧት ልጁ ደብተሩን ሲያወጣ ፓፉ ከኪሱ ወደቀ። አንሥቶ መልሶ ከተተውና ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀና አለ።