በትንሹ ሜዳ ዳር የዋለ ቤተ ሰብ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናቀርበው ወሬ በመጀመሪያ ሲያዩት የእግር ኳስ ወሬ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይመስልም፤ ነገር ግን አንባብያን እስከ ፍጻሜው ቢታገሡን የአባትና የልጅ ነገር መሆኑን ይረዱታል ብለን እናምናለን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በነሐሴ ወር፥ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ቤት በእንግድነት ሰንብተን ነበር። የቤቱ ጌታ አውቶቡስ ነጂ፥ እመቤቲቱም የሆስፒታል ሠራተኛ ናቸው። አንድ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ይህ ልጅ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ከትልልቆቹ ክለቦች በአንዱ የልጆች ማሠልጠኛ ገብቶ ሲማር የኖረ ነው። አባቱም በሳምንት ሦስት ማታ፥ ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ከዋሉ በኋላ፥ እንደ ገና መኪና ይዘው ያደርሱትና ይመልሱት ነበር። እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ከክለቡ አንድ ደብዳቤ መጣ። ቃሉ ትሕትና የሞላበት ሲሆን፥ ፍሬ ነገሩ ልጁ ለሚመጣው ዓመት አይፈለግም የሚል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የኳስ ጫማውን ከቁም ሣጥኑ ሥር ወርውሮ ዝም አለ። አባት ግን ዝም ለማለት አልቻሉም። በምሳም በራትም ላይ፥ «ሌላ ክለብ እንፈልጋለን፤ ገና ይጸጸታሉ፤ ገና ያዩሃል» ይሉታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ወደ መኝታ ቤቱ ይገባል። አንድ ማታ እርሱ ከተኛ በኋላ አባትዬው እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሕፃን ሳለ፥ ‹አድገህ ለአያትህ ቤት ትሠራላታለህ፤ እኔንም ከዚህ መሪ ታሳርፈኛለህ› እያልሁ እቀልድ ነበር። ለእኔ ቀልድ ነበረ፤ እርሱ ግን ዕዳ አድርጎ ያዘው።» እመቤቲቱም የሻዩን ዕቃ እያነሡ፥ «ልጁ ኳስ ከመጫወቱ በፊትም ልጃችን ነበረ፤ ይህን ማን ነገረው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ መካከል መልስ የሰጠ አልተገኘም።

ማግሥቱ ቅዳሜ ነበረ። አባት ልጁን ወደ ትልቅ ስታዲየም መውሰድ ቁስሉን መነካካት መሆኑን አስበው፥ ሳንዲጌት ወደሚባል ትንሽ ሜዳ ሄደን የዋንጫ ግጥሚያ እንድናይ ሐሳብ አቀረቡ። ልጁም እንግዳ ማክበርን የተማረ ነውና፥ ለእኛ ሲል ተነሥቶ ተከተለን።

ሳንዲጌት ከሼፊልድ በስተምዕራብ፥ ክሮስፑል በተባለው ሰፈር በከፍታ ላይ የሚገኝ የሃላም ክለብ ሜዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እናደርጋለንና፥ ከ1860 ጀምሮ ኳስ ስለ ተጫወቱበት በዓለም ካሉት የእግር ኳስ ሜዳዎች ሁሉ ጥንታዊው ተብሎ በጊነስ መዝገብ ገብቷል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን ሃላም ከሼፊልድ ክለብ ጋር እዚህ ተጋጥሞ ነበር። ይህ የሼፊልድ ክለብ በ1857 የተቋቋመ፥ እስከ ዛሬ ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። በ1867 ደግሞ ዩዳን የሚባል የቲያትር ቤት ባለቤት በሰጠው ዋንጫ ሃላም አሸናፊ ሆነ፤ ይኸውም በእግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው የዋንጫ ውድድር ነው ይባላል። ዋንጫው ብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ በ1997 ተገኝቶ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።

ይህን ያህል ታሪክ ያለው ቦታ ሲያዩት ግን እጅግ ትሑት ነው። ሜዳው በዓይን እስኪታወቅ ድረስ ያዘነበለ ነው። ተመልካቹ በዙሪያው በተዘረጋው ብረት ላይ ክንዱን አሳርፎ ይቆማል። አንዳንዱ ውሻውን በገመድ ይዞ፥ አንዳንዱ ሕፃን በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል። በር ላይ ትኬት የሚቈርጡት፥ ሻይና በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ የሚሸጡት፥ መረብ የሚሰቅሉት አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከአራቱ ከፍተኛ ሊጎች በታች ያሉትን እንደነዚህ ያሉ ክለቦች እንግሊዞች «ከሊግ ውጭ» ይሏቸዋል። ከተጫዋቾቻቸውም ብዙዎቹ ቀን በሌላ ሥራ ሲደክሙ የሚውሉ ናቸው።

የሚወዳደሩበት ዋንጫ ግን ትንሽ አይደለም። በ1871 የተመሠረተው የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር ዋንጫ ነው። ከ700 የሚበልጡ ክለቦች ይገቡበታል። የትንንሾቹ ግጥሚያ በነሐሴ ወር ይጀመራል፤ የታወቁት የፕሪምየር ሊግ ክለቦች የሚገቡት ከገና በኋላ በሚደረገው በሦስተኛው ዋና ዙር ነው። እኛ ያየነው ቅድመ ማጣሪያ ነበርና፥ ከዚያ ተነሥቶ ዋንጫውን በዌምብሌይ ለማንሣት 13 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ሊግ በ1888 ከተቋቋመ ወዲህ ከሊጉ ውጭ ሆኖ ይህን ዋንጫ የወሰደ ቶተንሃም ብቻ ነው፤ እርሱም በ1901 በመጨረሻው ግጥሚያ የረታው የዚሁ የሼፊልድ ከተማ ክለብ የሆነውን ሼፊልድ ዩናይትድን ነበረ። እንግዲህ በሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ቡድኑ ዌምብሌይ እንደማይደርስ ያውቃል፤ ሆኖም ይመጣል።

ጨዋታው ተጀመረ። በቴሌቪዥን የማይሰማው ሁሉ እዚህ ይሰማል፤ የጫማው ድምፅ፥ የተጫዋቾቹ ጥሪ፥ የአሠልጣኙ ቁጣ። በዕረፍት ጊዜ ባለሜዳዎቹ ቡድናቸው ወደሚያጠቃበት ጎል ዞረው መቆም ልማዳቸው ነውና፥ እኛም ተከትለናቸው ከእንግዳው ቡድን በረኛ ጀርባ ቆምን። በረኛው ገና ወጣት ነበረ። ልጃችንም ከእርሱ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፥ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ይመለከት ጀመር።

ግጥሚያው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ለዚያ በረኛ እምብዛም የማያስቸግር ኳስ መጣ። ያዘውም፤ ነገር ግን ከእጁ አመለጠውና በእግሮቹ መካከል አልፎ ከመረቡ ገባ። ባለሜዳው እልል አለ። ዳኛው የፍጻሜውን ፊሽካ ሲነፋ በረኛው የጎሉን ቋሚ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱንም በጓንቱ ሸፈነ።

ወደ እርሱ የመጣው የኳሶቹን ከረጢት የተሸከመ አንድ የቡድኑ ሽማግሌ ነበረ። አላጽናናውም፤ አልወቀሰውምም። እጁን ዘርግቶ፥ «ማክሰኞ ማታ ልምምድ አለን፤ እንዳትቀር» አለውና አነሣው። ከመውጫው አጠገብ ቆመው የነበሩ የባለሜዳው ደጋፊዎችም በረኛው ሲያልፍ አጨበጨቡለት። ልጃችን ይህን ሁሉ በዝምታ ተመለከተ። ከብረቱ አጠገብ የቀረችውን አንዲት ኳስ አንሥቶ ለሽማግሌው ሰጠ፤ ሽማግሌውም አመስግኖት በከረጢቱ ውስጥ ከተታት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባት በመኪናው ውስጥ፥ የጄሚ ቫርዲን ታሪክ አነሡ። ነገሩ እውነት ነው። ቫርዲ በሼፊልድ ተወልዶ፥ በ16 ዓመቱ ካሳደገው ክለብ ተሰናብቶ፥ በዚሁ አውራጃ በስቶክስብሪጅ ከሊግ ውጭ ሲጫወት፥ ቀን በፋብሪካ ለሕሙማን የእጅና የእግር መደገፊያ ይሠራ ነበር። በ2012 ወደ ሌስተር ገባ፤ በ2016 የፕሪምየር ሊግን፥ በ2021 ደግሞ ይህንኑ የማኅበሩን ዋንጫ ከቡድኑ ጋር ወሰደ። አባት ታሪኩን ሳይጨርሱ ልጁ፥ «አባዬ፥ እኔ እኮ ቫርዲ አይደለሁም» አለ።

አባት ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እውነትህን ነው፤ እንድትሆንም አልጠብቅብህም። የቤቱንም ነገር እርሳው፤ የአያትህን ቤት እኔ እሠራለሁ» አሉት። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ የተናገረ አልነበረም። መኪናው ሲቆም ብቻ ልጁ፥ «በእኛ ሰፈር ማክሰኞ ልምምድ ያለው ቡድን ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቀ። አባትም ምንም ሳይጨምሩ፥ «እንጠይቃለን» አሉ።

አንባብያን ወላጆች ሆይ፥ በአገራችንም በውጭ አገርም ልጆቻቸውን ወደ ኳስ፥ ወደ ዘፈን፥ ወይም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እየላኩ የወደፊቱን እንጀራቸውን በልጅ ጫንቃ ላይ የሚያስቀምጡ ብዙዎች ናቸው። ምኞቱ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ልጅ የአባቱን ቀልድ ከአባቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የተስፋው በር በተዘጋ ጊዜ የሚያዝነው ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን፥ ያልከፈለው ዕዳ ስላለበት ጭምር ነው። ያን ዕዳ ሊፍቅለት የሚችል አበዳሪው ብቻ ነው።

እንደዚሁም ልጅ በተሸነፈበት ሳምንት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መደርደር ሁልጊዜ መጽናኛ አይሆንም። ከትልልቆቹ ክለቦች ከተመለሱት ብዙ ልጆች ውስጥ እንደ ቫርዲ የሆነው እጅግ ጥቂት ነው፤ ልጁም ይህን ያውቃል። የሚጠቅመው ሽንፈት የዕለት ነገር መሆኑን፥ ከርሱም በኋላ ማክሰኞ መኖሩን የሚያይበት ቦታ መውሰድ ነው። ይህን ቦታ እኛ በዚያ ቅዳሜ ባዘነበለው ሜዳ ዳር አግኝተነዋል።

በማግሥቱ እሑድ ጧት ከመኝታ ስንነሣ፥ ልጁ በደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። የኳስ ጫማውን ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥቶ፥ የደረቀውን ጭቃ በቢላዋ ጫፍ ይፍቅ ነበር። እናቱ በመስኮት አይተውት ምንም ሳይናገሩ ቁርሱን ወደ ውጭ አወጡለት።