ጩኸት ሌላ፣ ሙዚቃ ሌላ

ሰባት ወር ሙሉ ራሴን አመመኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከጆሮ ግንዴ ይጀምርና እንደ ሻሽ ዙሪያውን ጠፍንጎ ይዞኝ ያመሻል። ሕመሜን የሰማ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ “ቡና ቀንስ” ሲለኝ ሌላው “ቡና ሲቀርብህ ነው” ይለኛል። እኅቴ ጸበል፣ የቢሮ ባልደረባዬ መነጽር መቀየር፣ የጎረቤት እናት ደግሞ ዳማከሴ አዘዙልኝ። እኔ አጭሩን መንገድ መረጥኩና ክኒን መዋጥ ጀመርኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ተራውን የራስ ምታት ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚውጥ ሰው ክኒኑ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እኔም እዚያ ለመድረስ የቀረኝ ጥቂት ነበር።

ከመካሪዎቼ አንዳቸውም ያልጠየቁኝን የጠየቁኝ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም ናቸው። “በማዳመጫ በቀን ስንት ሰዓት ይሰማሉ?” አሉኝ። ቆጠርኩ። ጠዋት ከመገናኛ ፒያሳ አንድ ሰዓት፣ ማታ ስመለስ አንድ ሰዓት፣ ቢሮ ሦስት፣ ከእራት በኋላ ሁለት፤ በድምሩ ሰባት። “ድምፁስ?” “ታክሲ ውስጥ እስከ መጨረሻው።” “ለምን እስከ መጨረሻው?” “ካለዚያ አይሰማማ!” ሐኪሟ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም መልሴን ከአፌ ሲወጣ ስሰማው ምን ያህል ቂል እንደሆነ ገባኝ። ታክሲው የራሱን ዘፈን ያስጮህብኛል፣ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ የራሴን እጭናለሁ። ሁለት ሰዎች ጆሮዬ ውስጥ ሲጣሉ ዳኛውም ተመልካቹም ተደብዳቢውም እኔው ነኝ።

ይህን የምጽፈው ግን የሕመሜን ታሪክ ላጫውት ብዬ አይደለም። ልጣላ ነው። የምጣላው “ድምፅ ከጮኸ ጥሩ ነው” ከሚለው እምነት ጋር፣ ይህንንም እምነት እየሸጡ ከሚኖሩት ጋር ነው።

ማዳመጫዬን የገዛሁበት ሱቅ ልጅ፣ ስሙንም ሱቁንም አልጠራም፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቶልኝ ቮልዩሙን እስከ ጣራው ከሰቀለው በኋላ “ቤዙን ይስሙት ጋሼ!” አለኝ። ሰማሁት፤ ደረቴ ድረስ ነዘረኝ፤ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁት። እንዴት እንደተሸወድኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ዝግ ባለ ድምፅ ጊዜ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ነው የሚሰማው። ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ይሞላል፣ ሙዚቃውም የበለጸገ ይመስላል። ስለዚህ ያንኑ አንዱን ዕቃ ትንሽ ከፍ አድርገህ ብታሰማኝ “ይሄኛው ይሻላል” እላለሁ። ሻጩ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ገበያው አስተምሮታል።

በዚያ ላይ ማዳመጫው እንደ ጉጠት ይጨምቃል። እኔ ደግሞ መነጽር አደርጋለሁ፤ የመነጽሬ ክንድ በማዳመጫውና በአጥንቴ መካከል ገብቶ ሲጫን ይውላል። ይህ ቅንጦት የወለደው እሮሮ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ባወጣው የሕመም ዝርዝር ውስጥ፣ ራስን ከውጭ በሚጨምቅ ነገር የሚመጣ ራስ ምታት ራሱን የቻለ ስፍራ አለው። የራስ ቁር ያመጣዋል፣ የዋናተኛ መነጽር ያመጣዋል። ጭምቁ ከተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? የመጻሕፍት ክምር! ማዳመጫውን ከራሴ ትንሽ ሰፋ ባለ የመጻሕፍት ክምር ላይ ሰክቼ ጥቂት ሌሊት አሳደርኩት፣ ላላ። ሰባት ወር ከዋጥኩት ክኒን ይልቅ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት በለጠ።

የጭምቁ ነገር ይኸው ነው፤ አለቀ። የጩኸቱ ነገር ግን አላለቀም።

ቁጥሩን እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ይበቃዋል፤ ለልጅ 75 ዴሲቤል ነው። የእኔ ሰባት ሰዓት በስድስት ቀን ሲባዛ 42 ይሆናል፤ ያውም በስንት ዴሲቤል! የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ባወጣው ስሌት ደግሞ 85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቆረጣል። 88 አራት ሰዓት፣ 91 ሁለት ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከመገናኛ ፒያሳ በ15 ደቂቃ የሚያደርስ ታክሲ ካለ ንገሩኝ።

“እኔ ለምጄዋለሁ፣ ጆሮዬ አይደክምም” የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። የኔ ወንድም፣ መልመድህ እኮ ነው ችግሩ። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፅ በተጠመዘዘችው ትንሽ ክፍል፣ 15 ሺህ ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ሰው ጥፍሩ ቢሰበር ይበቅልለታል፤ እነዚህ ግን ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ማታ ማዳመጫውን ስታወልቅ ጭው የሚልብህና ሰው ሲያናግርህ ከጥጥ ጀርባ የሚመስልህ ድካም፣ ጠዋት ስትነሣ ጠፍቶ ታገኘውና “ዳንኩ” ትላለህ። ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት አይጦችን ለኃይለኛ ድምፅ አጋልጠው ተመለከቱ። የአይጦቹ የመስማት መጠን ከቀናት በኋላ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ሕዋሳቱም በቦታቸው ነበሩ። ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ግን፣ ጉዳቱ በበረታበት ክፍል እስከ ግማሽ ድረስ ጠፍተው ነበር። ሰው አይጥ አይደለም። ቢሆንም እኔ ያንን ካነበብኩ ወዲህ “ጠዋት ይለቀኛል” ብዬ መተኛት ተስኖኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረታችን ስለ ሐሜት የተነገረ ነበር፤ ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ስቱዲዮዎቻችን ልምጣ። አንድ የማውቀው የድምፅ ባለሙያ አዲስ ሥራውን አሰማኝ። ከበሮው፣ ኪቦርዱ፣ ድምፃዊቷ፣ ሁሉም በአንድ ቁመት ተሰልፈው ይጮሃሉ። ትንፋሽ የለ፣ ዝግታ የለ፣ ከፍታና ዝቅታ የለ። “ለምን እንዲህ ጨመቅከው?” ብለው “ሲጮህ ነው የሚሸጠው” አለኝ። ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው አልበም ከመጠን በላይ በመጨመቁ፣ አልበሙ እንደገና እንዲቀናበር የገዛ አድናቂዎቹ በሺዎች ሆነው ፊርማ አሰባስበዋል። አድናቂ “ቀንሱልኝ” ብሎ ሲፈርም አስቡት! ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ዛሬ እንደ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ያሉት ማሰራጫዎች ከልክ በላይ የጮኸውን ዘፈን ራሳቸው ዝቅ አድርገው ከሌላው ጋር ያስተካክሉታል። ስለዚህ ወዳጄ የጨመቀው ዘፈን እዚያ ሲደርስ አይጮህም፤ እንደተጨፈለቀ ብቻ ይቀራል። ይህንን ነገርኩት። “ታክሲ ውስጥስ?” አለኝ። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም።

በሌላ በኩል “ማዳመጫውን ወርውረው፣ ትገላገላለህ” የሚሉኝ ታላላቆች አሉ። አክብሬ እቃወማቸዋለሁ። በኮንዶሚኒየም ግድግዳ ጎረቤት ሲያስነጥስ “ይማርህ” በሚባልበት ቤት፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ የዓለሙ አጋን በገና ያለ ማዳመጫ በየት ልስማው? ደግሞም በገናን ዝግ አድርጎ ላዳመጠ ሰው ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ከእያንዳንዱ ጅማት ሥር ያለችው እንዚራ ስትርገበገብ የምታወጣው ንዝረት ወደ እናንተ አይጮህም፤ እናንተ ናችሁ ወደ እሱ የምትጠጉት። በዚያ ሰዓት ከቮልዩሙ ሲሶው እንኳ ይበዛብኛል። ራሴን አሞኝ አያውቅም።

“60 በመቶ፣ 60 ደቂቃ” የሚባለው ምክርም አላረካኝም። የምን 60 በመቶ? አንዱ ማዳመጫ በ60 በመቶ ሹክ ሲል ሌላው ያደነቁራል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ቤቴ ውስጥ፣ ጸጥ ባለበት፣ ግጥሙ በደንብ እስከሚሰማኝ ድረስ ብቻ ከፍ አደርግና ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አልነካውም። ካልተሰማኝ አጠፋዋለሁ። የውጭውን ጫጫታ በደንብ የሚከልል፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ባለ ስፖንጅ ማዳመጫ ገዛሁ፤ ዋጋው ከቀድሞው ያነሰ፣ ቤዙ የማይነዝር። ጫጫታው ሲከለል ቮልዩሙን ማሳደድ ቀረ። መንገድ ስሻገር ግን አወልቀዋለሁ፤ ራስ ምታት ሸሽቼ መኪና ሥር አልገባም። በየሰዓቱም አሥር ደቂቃ ጆሮዬን አሳርፋለሁ። ክኒን ከዋጥኩ አራት ወር ሆነኝ።

የሚያብከነክነኝ የልጄ ነገር ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እራት ላይ ስጠራት ሁለቴ “እ?” ትለኛለች፤ አለመስማት ይሁን ጉርምስና ለመለየት ወደዚያችው ሐኪም ልወስዳት ቀጠሮ ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሶኒ ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረው፤ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ የጎንን ሰው መስሚያ ቁልፍም ነበረበት። ያ ቁልፍ የት እንደገባ ሶኒዎችን መጠየቅ ያምረኛል።

ትናንት ማታ እንደ ልማዴ ታክሲ ተሳፈርኩ። የኋላው ድምፅ ማጉያ ልክ ከማጅራቴ ሥር ነበር። ማዳመጫዬን ኪሴ ከትቼ ረዳቱን “የኔ ልጅ፣ እባክህ ትንሽ ቀንሱልን” አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ በማዘን ዓይነት፣ “አባት፣ ኤርፎን የለዎትም እንዴ?” አለኝ።